ሶቶ ስንት ያገኛል? የቤዝቦል ውል ስንገምት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ቤዝቦልን የምንተዋወቀው ብዙ ጊዜ በሥራ በኩል ነው። ስታዲየሙ አጠገብ ፓርኪንግ የሚሠራ አለ። ጨዋታ ሲያልቅ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር አለ። እኔም በፓርኪንግ ነው የጀመርኩት። በ2019 የከተማው ቡድን ናሽናልስ ዋንጫ ሲበላ ከተማው ሁሉ ቀይ ለብሶ ወጣ። በዚያ ቡድን ውስጥ ሁዋን ሶቶ የሚባል፣ ገና 21 ዓመት የሞላው የዶሚኒካን ልጅ ነበር። ወደድነው።

በ2022 ሐምሌ ላይ ክለቡ ለሶቶ የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረበለት። ሶቶ እምቢ አለ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው ነበሩ። ዜናውን ስነግራቸው የመኪና ቁልፍ በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰው ምን ነካው? ይሄን ገንዘብ የሚመክረው ዘመድ የለውም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ናሽናልስ ሶቶን ለሳንዲያጎ ፓድሬስ አሳልፎ ሰጠው። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ያው ልጅ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር የ15 ዓመት፣ የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል ተዋዋለ።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ውላቸው ያለቀ ትልልቅ ተጫዋቾችን ስም እጽፋለሁ። ስንት ዓመት፣ ስንት ገንዘብ፣ የትኛው ክለብ፣ ለምን። መጋቢት ላይ አመሳክራለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ከዚያ ደብተር የወጡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደ እግር ኳስ ዝውውር ማሰብ

ይህን ቶሎ ልለፈው። እኛ ያደግነው በእግር ኳስ ነው። እዚያ ክለብ ለክለብ ይከፍላል። በአሜሪካ ቤዝቦል ግን አንድ ተጫዋች በትልቁ ሊግ 6 ዓመት ካገለገለና ውሉ ካለቀ ራሱን ነው የሚሸጠው። ፍሪ ኤጀንት የሚባለው እሱ ነው። ለቀድሞ ክለቡ የዝውውር ሒሳብ አይከፈልም። ውሉ ደግሞ የተረጋገጠ ነው። ተጫዋቹ ቢጎዳም ቢደክምም ገንዘቡ ይከፈለዋል። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ የለውም። ግብር ግን አለው፤ ለተጫዋቾች ከተወሰነ መስመር በላይ ያወጣ ክለብ የሚከፍለው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚህ የሚወጣው ትልቁ ነገር ዕድሜ ነው። ሶቶ ትልቁን ሊግ የጀመረው በ19 ዓመቱ ነው። ስለዚህ 6 ዓመቱን ጨርሶ ገበያ ሲወጣ 26 ነበር። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ገበያ የሚወጡት 29፣ 30፣ 31 ሲሆኑ ነው። የአራት ዓመት ልዩነት በዚህ ገበያ ውስጥ መቶ ሚሊዮኖች ማለት ነው።

«ተጫዋቹ ስንት ያወጣል?» ብሎ መጀመር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። እኔም ረጅም ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ስታቲስቲክስ የሚወዱ ሰዎች አንድ ተጫዋች ለቡድኑ በዓመት ስንት ተጨማሪ ድል እንደሚያመጣ ያሰላሉ። ከዚያ ለአንድ ድል ገበያው የሚከፍለውን ዶላር ያባዙበታል። ሒሳቡ መጥፎ አይደለም። መነሻ ይሆናል። ዋጋውን ግን እሱ አይቆርጠውም።

ለበዓል ዋዜማ በግ ገበያ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንተ የበጉን ጀርባ እየዳሰስክ ስትከራከር ከኋላህ ሌላ ሰው ቆሟል ወይ? ካለ ነጋዴው አንድ ብር አይቀንስልህም። ከሌለና ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች ደግሞ ያው በግ፣ በያው ክብደቱ፣ ሌላ ዋጋ ያወጣል። ዋጋውን የሚቆርጠው ሁለተኛው ፈላጊ ነው።

ሶቶን እንመልከት። በ2024 ለኒውዮርክ ያንኪስ ተጫውቶ ቡድኑ እስከ ዓለም ዋንጫው ደረሰ፤ ወርልድ ሲሪስ የሚሉት ማለቴ ነው። ያንኪስ ሊለቀው አልፈለገም። በዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ የሜትስ ባለቤት ስቲቭ ኮኸን አለ። ክለቡን የገዛው በ2020 ነው፤ ገንዘብ አያጥረውም፤ ከያንኪስ ጥላ መውጣት ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን ብዙዎቹ ግምቶች 600 ሚሊዮን አካባቢ ነበሩ። እኔም ደብተሬ ላይ 610 ብዬ ነበር። ያንኪስ በመጨረሻ ለ16 ዓመት 760 ሚሊዮን እንዳቀረበ ተዘገበ። ሜትስ በ15 ዓመት 765 አለና ወሰደው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የትኛውም የድል ሒሳብ 765 ላይ አያደርስም። ያደረሰው 760 ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ፒት አሎንሶ ላይ እናገኛለን። አሎንሶ በዚያው ዓመት ገበያ ወጣ። ሆም ራን፣ ኳሱን ከአጥር ውጭ የሚያሳልፈውን ምት ማለቴ ነው፣ እንደ ጉድ ይመታል። የሜትስ ደጋፊዎች ይወዱታል። በ2023 ክለቡ የ7 ዓመት፣ የ158 ሚሊዮን ማራዘሚያ አቅርቦለት እንዳልተቀበለ ተዘግቧል። ግን ዕድሜው 30 ነበር፤ የሚጫወተውም አንደኛ ቤዝ ነው። ያን ቦታ በትልቅ ገንዘብ ለመሙላት የቸኮለ ሌላ ክለብ አልነበረም። በየካቲት 2025 ለ2 ዓመት 54 ሚሊዮን ፈረመና ወደዚያው ወደ ሜትስ ተመለሰ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ መውጣት የሚችልበት መብት ይዞ። መብቱን ተጠቅሞ በኖቬምበር 2025 እንደገና ገበያ ወጣ። በዲሴምበር ባልቲሞር ኦሪዮልስ ለ5 ዓመት 155 ሚሊዮን ሰጠው። ሰውዬው በ2025 ከቀድሞው የተሻለ መትቷል። ግን አንድ ዓመት አርጅቷል። ከሁሉ በላይ የተለወጠው ፈላጊው ነው።

አሁን ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የክለብ ስም እጽፋለሁ። ሁለተኛውን ስም መጻፍ ካቃተኝ የገመትኩትን ገንዘብ እቀንሳለሁ።

ትልቁን ቁጥር እንዳለ ማመን

ዲሴምበር 2023። ሾሄ ኦታኒ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ለ10 ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ዜናው ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ። በዓመት 70 ሚሊዮን!

ጥቂት ቀን ቆይቶ ዝርዝሩ ወጣ። ኦታኒ በሚጫወትበት ጊዜ በእጁ የሚገባው በዓመት 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። ቀሪው በዓመት 68 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 680 ሚሊዮን፣ በይደር ተቀምጧል። የሚከፈለው ከ2034 እስከ 2043 ነው። ወለድ የለውም።

ዛሬ የሚሰጥ መቶ ብርና ከ10 ዓመት በኋላ የሚሰጥ መቶ ብር አንድ እንዳልሆነ ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ ያውቃል። የመጀመሪያው ዕጣ ሲደርስህና የመጨረሻው ሲደርስህ ልዩነት አለው። ሊጉም ይህን ያሰላል። ለግብር ሒሳብ የኦታኒ ውል በዓመት 70 ሳይሆን 46 ሚሊዮን ገደማ ተብሎ ነው የሚያዘው። ዶጀርስ በየዓመቱ 24 ሚሊዮን ያህል ቦታ አተረፈ ማለት ነው። በዚያው ወር ዮሺኖቡ ያማሞቶን በ12 ዓመት 325 ሚሊዮን አስፈረመ።

ስለዚህ ሁለት ውሎችን ስታወዳድሩ መጀመሪያ መቼ እንደሚከፈሉ ጠይቁ። የሶቶ 765 ምንም ይደር የለበትም። እንዲያውም 75 ሚሊዮኑ የፊርማ ጉርሻ ነው። ሶቶና ኦታኒ በጋዜጣ ርዕስ ላይ በ65 ሚሊዮን ይለያያሉ። በእውነተኛ ዋጋ ግን ልዩነታቸው በጣም ሰፊ ነው።

ይደር ሁልጊዜ ለክለቡ ያተርፋል ማለትም አይደለም። ወለዱን ተመልከቱ። ሜትስ በ2000 ቦቢ ቦኒያ ለሚባል ተጫዋች 5.9 ሚሊዮን ዶላር ቀርቶበት ነበር። ያን ከመክፈል በ8 በመቶ ወለድ ማዘግየትን መረጠ። ይኸው ከ2011 ጀምሮ እስከ 2035 ድረስ በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን 1,193,248 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይከፍለዋል። ድምሩ 30 ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቦኒያ መጫወት ያቆመው በ2001 ነው።

ረጅም ውል ስናይ «አምነውበታል» ማለት

በዲሴምበር 2022 ፓድሬስ ዛንደር ቦጋርትስን ለ11 ዓመት በ280 ሚሊዮን አስፈረመ። ቦጋርትስ 30 ዓመቱ ነበር። ፊላደልፊያ ፊሊስ በዚያው ሰሞን ትሬይ ተርነርን ለ11 ዓመት በ300 ሚሊዮን ወሰደ። ሰዎች «በ41 ዓመቱ ምን ሊያደርግላቸው ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ሜዳ ላይ አይደለም።

ግብሩ የሚሰላው በውሉ ዓመታዊ አማካይ ነው። 280ን ለ8 ዓመት ብታካፍሉት በዓመት 35 ሚሊዮን ነው። ለ11 ብታካፍሉት 25 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይሆናል። ገንዘቡ ያው ነው፤ በየዓመቱ በግብር መዝገብ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን ቀነሰ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ክለቡ ከተጫዋቹ ጨዋታ አይጠብቅም። የተጨመሩት አማካዩን ለማውረድ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን ከዓመቱ ለይታችሁ ገምቱ። እኔ መጀመሪያ ጠቅላላ ገንዘቡን እጽፋለሁ። ከዚያ ክለቡ ከግብር መስመሩ ስንት እንደሚርቅ አያለሁ። መስመሩ አጠገብ ያለ ክለብ ዓመት ይጨምራል። ራቅ ያለው ዓመት ቀንሶ የዓመቱን ክፍያ ከፍ ያደርጋል።

ለፒቸሮች፣ ለኳስ ወርዋሪዎቹ፣ ይህ ብዙ አይሠራም። ክንድ ይጎዳል። ቴክሳስ ሬንጀርስ ጄከብ ዲግሮምን በዲሴምበር 2022 ለ5 ዓመት በ185 ሚሊዮን አስፈረመ። በ2023 6 ጨዋታ ብቻ ጀምሮ ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ያማሞቶ ለምን 12 ዓመት አገኘ ታዲያ? 25 ዓመቱ ስለነበር ነው። በአሜሪካ ትልቁ ሊግ አንዲት ኳስ ሳይወረውር የያንኪሱን ፒቸር የጌሪት ኮልን የ324 ሚሊዮን ውል በ1 ሚሊዮን በለጠ። ዶጀርስ ከዚያ ላይ ለጃፓኑ ክለቡ ለኦሪክስ 50.6 ሚሊዮን የመልቀቂያ ክፍያ ጨመረ። ያ ክፍያ ደግሞ በግብሩ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ግብሩን እንደ ግድግዳ ማየት

«ክለቡ መስመሩን ስለደረሰ ከእንግዲህ አይገዛም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት!

መስመሩ በ2025 241 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2026 244 ሚሊዮን ነው። ከዚያ በላይ ያወጣ ክለብ ከመስመሩ ባለፈው ገንዘብ ላይ ግብር ይከፍላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ካለፈ 20 በመቶ፣ በተከታታይ ለሁለተኛ ጊዜ 30፣ ለሦስተኛና ከዚያ በላይ 50 በመቶ ነው። ከመስመሩ በ20፣ በ40 እና በ60 ሚሊዮን እየራቀ ሲሄድ ደግሞ ጭማሪ አለው። ከ40 ሚሊዮን በላይ ካለፈ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ በድራፍቱ፣ የመጀመሪያ ዕድሉ በ10 ቦታ ወደ ኋላ ይገፋል።

ከላይ ጫፍ ላይ ያለውን እንይ። በተከታታይ ሦስት ዓመት ያለፈና ከመስመሩ ከ60 ሚሊዮን በላይ የራቀ ክለብ 110 በመቶ ይከፍላል። በዓመት 10 ሚሊዮን የሚከፈለው ተጫዋች ቢገዛ ግብሩን ጨምሮ 21 ሚሊዮን ያወጣል። ዶጀርስና ሜትስ ይህን እያወቁ ነው የሚገዙት። ዶጀርስ ከ2014 ጀምሮ ለ25 ዓመት የሚዘልቅ 8.35 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የቴሌቪዥን ውል አለው። ለእሱ ግብሩ እንደ ኬላ ነው፤ ከፍሎ ያልፋል።

ለሌሎች ግን እውነትም ግድግዳ ነው። ባለቤቱ «አንዴም አንሻገርም» ያለባቸው ክለቦች አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ አንድ ዓመት ከመስመሩ በታች ወርደው መጠኑን ወደ 20 በመቶ መመለስ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ክለብ መስመሩን አልፏል ወይ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ስንተኛ ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁ።

አንድ ትንሽ ወጥመድም አለች። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የደመወዝ ድምር ብዙ ጊዜ በዚያ ዓመት የሚከፈለው ጥሬ ገንዘብ ነው። የግብሩ ሒሳብ ግን በአማካይ ነው የሚሠራው፤ የተጫዋቾች መድንና ሌላ ጥቅማ ጥቅምም ይደመርበታል። ሁለቱ በአሥር ሚሊዮኖች ሊለያዩ ይችላሉ። አንዱን ከሌላው ጋር ካምታታችሁ ክለቡ የሌለውን ቦታ ትሰጡታላችሁ።

ክለብ የሚያወጣው ለማሸነፍ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

በዲሴምበር 2024 አትሌቲክስ ሉዊስ ሰቨሪኖን ለ3 ዓመት በ67 ሚሊዮን አስፈረመ። በጊዜው በክለቡ ታሪክ ትልቁ ውል ነበር። አትሌቲክስ ማለት ያኔ ኦክላንድን ለቆ ሳክራሜንቶ በሚገኝ ትንሽ ስታዲየም ለመጫወት የተዘጋጀ፣ በቁጠባ የሚታወቅ ክለብ ነበር። ማንም አልጠበቀውም።

ምክንያቱን ሕጉ ውስጥ ፈልጉት። ሀብታም ክለቦች ከገቢያቸው ለደሃዎቹ ያካፍላሉ። ተቀባዩ ክለብ ያን ገንዘብ ቡድኑን ለማሻሻል ማዋል አለበት። ደመወዙ ከተቀበለው አንድ ተኩል እጥፍ በታች ከሆነ የተጫዋቾች ማኅበሩ ሊከሰው ይችላል። አትሌቲክስ በ2025 ደመወዙን ወደ 105 ሚሊዮን አካባቢ ማድረስ እንደሚጠበቅበት ይነገር ነበር። ሰቨሪኖም ሌሎቹም የመጡት በዚያ ሰሞን ነው።

ካንሳስ ሲቲ ሮያልስን እዩ። በ2023 106 ጊዜ ተሸነፈ። በቀጣዩ የገበያ ወቅት ሴዝ ሉጎን በ45 ሚሊዮን፣ ማይክል ዋካን በ32 ሚሊዮን ወሰደ። ለወጣቱ ኮከብ ለቦቢ ዊት ጁንየር ደግሞ በፌብሩዋሪ 2024 የ11 ዓመት፣ የ288 ሚሊዮን ማራዘሚያ ሰጠ። በኤፕሪል የአካባቢው ሕዝብ ለአዲስ ስታዲየም በሚውል ግብር ላይ ድምፅ ሊሰጥ ነበር። ሕዝቡ ድምፁን ነፈገው። ቡድኑ ግን በዚያው ዓመት 86 ጨዋታ አሸንፎ ለጥሎ ማለፍ በቃ። ባለቤቱ ምን እንዳሰበ ልቡን ያየ የለም። የስታዲየም ድምፅ በሚቃረብበት ከተማ ግን ዘንድሮ ግምቴን ከፍ አደርጋለሁ።

ሲቀንሱም እንዲሁ ነው። ፓድሬስ በ2023 ከሊጉ ትልልቅ ከፋዮች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ኩባንያ በኪሳራ ውስጥ ገብቶ ክፍያ አቆመ። በኖቬምበር ደግሞ ክለቡን በፍቅር የያዙት ባለቤቱ ፒተር ሳይድለር አረፉ። በዲሴምበር ሶቶ ወደ ያንኪስ ሄደ። የተጫዋቾቹን ቁጥር ብቻ ሲያይ የነበረ ሰው ይህን አይገምተውም። የቴሌቪዥን ውሉን የተከታተለ ሰው ግን ጠርጥሯል። ቡድን ስትገምቱ የስፖርት ገጹን ብቻ ሳይሆን የቢዝነሱንም አንብቡ።

የዘገየ ሁሉ ያተርፋል ብሎ ማመን

ስኮት ቦራስ የታወቀ ወኪል ነው። የሶቶም ወኪል እሱ ነው። «ቦራስ ይጠብቃል፤ የጠበቀም ያገኛል» ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ብራይስ ሃርፐር እስከ ፌብሩዋሪ 2019 መጨረሻ ጠብቆ 330 ሚሊዮን አግኝቷል።

በ2023 መጨረሻ ላይ ግን አራት ትልልቅ ደንበኞቹ ገበያ ላይ ቆዩ። ኮዲ ቤሊንጀር፣ ብሌክ ስኔል፣ ማት ቻፕማን፣ ጆርዳን ሞንትጎመሪ። ለቤሊንጀር ከ200 ሚሊዮን በላይ የገመተ ብዙ ነበር። ስኔል በዚያው ዓመት የምርጥ ፒቸር ሽልማት የሆነውን ሳይ ያንግ የወሰደ ሰው ነው። ሞንትጎመሪ ከሬንጀርስ ጋር ዋንጫ በልቷል። ዲሴምበር አለፈ። ጃንዋሪ አለፈ። ክለቦች ልምምድ ጀመሩ።

ቤሊንጀር በፌብሩዋሪ መጨረሻ በ3 ዓመት 80 ሚሊዮን ወደ ቺካጎ ካብስ ተመለሰ። ቻፕማን በ3 ዓመት 54፣ ስኔል በ2 ዓመት 62 ሚሊዮን ሳንፍራንሲስኮ ጃያንትስ ገቡ። ሞንትጎመሪ ማርች ሊያልቅ ሲል በአንድ ዓመት 25 ሚሊዮን ከአሪዞና ጋር ፈረመ።

ምን ሆነ? ፓድሬስን የነካው የቴሌቪዥን ችግር ሬንጀርስን ጨምሮ ብዙ ክለቦችን አስፈርቶ ነበር። ዶጀርስ ገንዘቡን ኦታኒና ያማሞቶ ላይ አውሎታል። ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ የክለባቸውን የአንድ ዓመት የውል ጥያቄ፣ ኳሊፋይንግ ኦፈር የሚባለውን፣ ውድቅ አድርገው የወጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ተጫዋች የሚወስድ ክለብ ከድራፍቱ ዕድል ያጣል። ለሶቶ ማንም ስለ ድራፍት አይጨነቅም። መሐል ላይ ላለ ተጫዋች ግን ያች ዕድል ትከብዳለች።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ስህተት አለ፤ የውሉን መልክ አለማየት። ከሦስቱ አጫጭር ውሎች ጋር ቶሎ የመውጣት መብት ነበር። ስኔል በ2024 መጨረሻ ወጥቶ ከዶጀርስ ጋር ለ5 ዓመት 182 ሚሊዮን ፈረመ። ቻፕማን በሴፕቴምበር 2024 ከጃያንትስ ጋር ለ6 ዓመት 151 ሚሊዮን ተስማማ። ሞንትጎመሪ ግን መጥፎ ዓመት አሳለፈ፤ ያ ትልቅ ውል እንደገና አልመጣለትም። ለእሱ አዝናለሁ። አንድ ወር ሙሉ ከቡድን ጋር ሳይለማመድ ነው ዓመቱን የጀመረው።

አሁን ከፌብሩዋሪ በኋላ ላልፈረመ ተጫዋች ሁለት ግምት እጽፋለሁ። አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር ሆኖ የመውጫ በር ያለው። በመሐል ያለውን አልጽፍም። በዚያ ሰዓት መሐል ያለ ውል እምብዛም አይፈረምም።

ወሬን እንደ መረጃ መያዝ

ዲሴምበር 8 ቀን 2023። ኦታኒ ወደ ቶሮንቶ እየበረረ ነው ተባለ። ከደቡብ ካሊፎርኒያ የተነሳ አንድ የግል ጄት ነበር። ብዙ ሺህ ሰው የአውሮፕላኑን ምልክት በስልኩ ላይ ሲከታተል ዋለ። እኔም የቲኬት ዳሱ ውስጥ ሆኜ እያየሁ ነበር፤ ትንሽዋ ምልክት ካናዳ ልትገባ ስትል ልቤ ይመታ ነበር። ጄቱ አረፈ። የወረደው ሮበርት ኸርጃቬክ የሚባል የካናዳ ነጋዴ ከቤተሰቡ ጋር ነው። ኦታኒ በማግስቱ ዶጀርስ ብሎ ራሱ ጻፈ።

የወኪል ወሬ ዓላማ አለው። «አራት ክለቦች ይፈልጉታል» የሚለው ዜና ሲወጣ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ አስቡ። ብዙውን ጊዜ አምስተኛውን ፈላጊ ለመጥራት የወጣ ነው።

ሐኪሙን መርሳት

ውል ተስማማ ሲባል አላለቀም። የሕክምና ምርመራ ይቀራል። ካርሎስ ኮሬያ በዲሴምበር 2022 ከጃያንትስ ጋር ለ13 ዓመት 350 ሚሊዮን ተስማማ። ጋዜጠኞች ተጠርተው ነበር። በዕለቱ መግለጫው ተሰረዘ። ሐኪሞቹ በ2014 ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ቁርጭምጭሚት አይተው ሠጉ። በአንድ ሌሊት ሜትስ 12 ዓመት በ315 ሚሊዮን አለ። የሜትስ ሐኪሞችም ያንኑ አዩ። በጃንዋሪ 2023 ሚኔሶታ ትዊንስ ለ6 ዓመት 200 ሚሊዮን ሰጠው። በአንድ ወር ውስጥ 150 ሚሊዮን ሄደ። ደብተሬ ላይ የድሮ ጉዳት ላለበት ተጫዋች አሁን ትንሽ መስቀል አደርጋለሁ።

የቀን መቁጠሪያውን አለማየት

ይህኛው ለሚመጣው ወቅት ከሁሉም ይበልጥብኛል። በክለቦቹና በተጫዋቾቹ ማኅበር መካከል ያለው የጋራ ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል። ያለፈው ስምምነት በ2021 ሲያበቃ ክለቦቹ በሩን ዘጉ። 99 ቀን ማንም ማንንም ማስፈረም አልቻለም። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ግን ጥድፊያ ነበር። ሬንጀርስ ኮሪ ሲገርን በ325 ሚሊዮን፣ ማርከስ ሴሚየንን በ175 ሚሊዮን ወሰደ። ሜትስ ማክስ ሸርዘርን በዓመት 43 ሚሊዮን ገደማ አስፈረመ። ኮሬያ ያኔም ገበያ ላይ ነበር። ጠበቀ። በሩ ሲከፈት ያገኘው የ3 ዓመት፣ የ105 ሚሊዮን ውል ነው።

ስለዚህ በደብተሬ አዲስ ገጽ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ፦ «ከዲሴምበር 1 በፊት ወይስ በኋላ?» የሚል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ስም ታሪክ ስኩባል ነው፤ ከ2026 ውድድር በኋላ ገበያ ይወጣል ተብሎ የሚጠበቀው የዲትሮይት ፒቸር። ሳይ ያንግን በተከታታይ ሁለት ዓመት ወስዷል። ጋሼ ባለፈው ሳምንት ቡና ስንጠጣ ገጹን አይተው «ስንት አልክለት?» አሉኝ። ገንዘቡን ገና አልጻፍኩም። አንደኛ ፈላጊ የሚለው ቦታ ላይ ዶጀርስ ብያለሁ። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው።